ከኋላ ወንበር የሚፈተን ፍሬን

ጋራዡ ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም አባ ዝግታ ነው የሚላቸው። ወጣት ሳሉ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል አይተዋል መሰለኝ፤ ስለዚያ ግን አያወሩም። በሠርጋቸው ቀን የሙሽሮቹን መኪና ጎማ አውልቄ ካላየሁ ብለው ሚዜዎቹን አስለቅሰዋል አሉ። ባለቤታቸው "በሱፍ ከመኪና ሥር ገብቶ! ያኔ ነበር መመለስ የነበረብኝ" ይላሉ እየሳቁ።

ባለቤቴ ሚኒቫናችንን ከእሳቸው ሌላ ለማንም መካኒክ አስነክቶ አያውቅም። እሱ ካረፈ በኋላ ግን ጋሼ የምላቸውን አባ ዝግታን ማየት ከበደኝና ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ፍሬኑ ያፏጫል፤ ስረግጠውም ሩቅ ይሄድብኛል። "ዲስኩም ሸራውም፣ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ይቀየር" ብለው የነገሩኝ ዋጋ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚውጥ ነው። አንድ ደላላ ደግሞ "እንዳለች ልውሰዳት" ይለኛል። ልጆቼ እንዳትሸጫት ብለው አኮረፉኝ። እውነትም እነሱንና አማቴን ከነምርኩዛቸው የሚይዝ ሌላ መኪና የለንም። በመጨረሻ ወደ አባ ዝግታ ነዳሁ።

"ጠፋሽ" አሉኝ።

ጎማዎቹን አወለቁና የወጣውን ዕቃ ሁሉ ጆንያ ላይ ዘረጉት።

"ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፊቱ ሸራ አልቋል፤ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ይቀየራል። ዲስኩ ግን ተቧጨረ እንጂ አልሳሳም፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል። የኋላው ገና ነው፤ ምን በደለሽ ብለሽ ትጥይዋለሽ? ይህቺ የዘይት ቱቦ ደግሞ ተሰንጥቃለች።"

"ትንሽ ጊዜ አትቆይም፣ ጋሼ?"

"ጫማ ቢሆን ይቆያል። በፍሬን አልደራደርም።"

እንደዚያም ሆኖ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ከዘይቱ ውስጥ አየር ማስወጣት አለ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሥር ሆኖ ቡሎን ይፈታል፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል። ድሮ የሚረግጠው ባለቤቴ ነበር። አሁን እኔ ገባሁ።

"ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ! ኧረ ርገጪ፣ ጉንዳን ነው እንዴ የምትረግጪው?"

"ረግጫለሁ እኮ ጋሼ!"

ተነስተው በመስኮት አዩኝ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥያለሁ፤ ከጀርባዬ የሳሎን ትራስ አለ። ባለቤቴ ረጅም ነበር። ወንበሩ እሱ እንደተወው ነው።

እጃቸውን በጨርቅ ብዙ ጠረጉ።

"ሩቅ የሚሄድብሽ ፍሬኑ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። በእግር ጣት መኪና አይቆምም። መንገድ ላይ ሰው ድንገት ቢገባብሽስ?"

በዓይናቸው ወንበሩን አሳዩኝ።

"እኔ አልነካውም" አሉ። "አንቺው ሳቢው።"

ከወንበሩ ሥር ማንሻውን በእጄ ፈለግሁት። ወንበሩ ትንሽ አንገራገረና ወደ ፊት ተንሸራተተ። ትራሱን አወጣሁ።

"ርገጪ" አሉ ከሥር ሆነው። ረገጥኩ። "ይኸው! እግር ነበረሽ ለካ!"

ጋሼ ሥራ ሲጨርሱ የራሳቸው የመፈተኛ መንገድ አላቸው። መሪ አይጨብጡም። ባለመኪናው ይነዳል፣ እሳቸው ልጆች ከሚቀመጡበት ከኋላ ይገባሉ። "የሚነዳው መቼ እንደሚቆም ያውቃል፤ የኋላው አያውቅም። ስለ ፍሬን የኋላውን ጠይቂ" ይላሉ።

ነዳሁ። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ መብራት ላይ ቆምኩ፣ አደባባዩን ዞርኩ። ከኋላ ድምፅ የለም። ዝምታቸው አስፈራኝ።

"ምን ጎደለ፣ ጋሼ?"

በመስታወቱ አየሁ። ጭንቅላታቸውን የልጆቹ ብርድ ልብስ ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ወደ ጋራዡ የሚወስደውን መታጠፊያ አለፍኩት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ጋሼን ሳልቀሰቅስ ወደዚያው ነዳሁ።