መኪና የሌላት የክርስትና እናት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት ያለ መኪና ኖሬያለሁ። ይህን ለአገሬ ሰው ስነግረው፣ ከባድ በሽታ እንዳለብኝ የነገርኩት ያህል ከንፈሩን ይመጥጥልኛል። በሽታዬ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ መውደቅ ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ከለቅሶ ቤት ስንነሳ፣ ሠርግ ሲያልቅ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ራይድ አለሽ?»፣ በመኪና የሚያደርስሽ አለ ወይ ማለት ነው። መልሴም አንድ ነበር። «አለኝ!» እላለሁ፤ ከዚያ መታጠፊያውን ዞሬ፣ ማንም እንዳያየኝ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ ሄጄ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ሰው ማስቸገር አልወድም። ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ግን ኩራት ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምሸሸው ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጋሼን ነበር። ጋሼ ታክሲ ነጂ ናቸው። አስቤዛዬን ተሸክሜ ስሄድ ካዩኝ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ነይ ግቢ!» ይላሉ።

«አይ ጋሼ፣ አይቸገሩ፤ በእግሬ ደስ ይለኛል።»

በእኛ ደንብ ይሄ እምቢ ማለት አይደለም፤ ሁለቴ ሦስቴ ይለምኑኝ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይለምኑኝ ነበር፤ እኔም እምቢታዬን አላቋረጥኩም። ኋላ ሲሰለቻቸው «በርቺ ስፖርተኛዋ!» ብለው ጥሩምባ እየነፉልኝ ማለፍ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ድንቼን ተሸክሜ እጄን አውለበልባለሁ።

እንዲህ እያለን የልብ ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወለደች፤ ክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ዋለ። ቤተ ክርስቲያኑ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ጥምቀቱም ገና በማለዳ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ኮል አደረገችኝ።

«ራይድ አለሽ አይደል? ካልሆነ ባሌ መጥቶ ፒክ ያድርግሽ።»

የአራስ ባል ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ ላመላልስ? «አለኝ አልኩሽ እኮ!» ብዬ ተቆጣኋት። ራይዴ ባቡር ነበር፤ ቀዩን መስመር ይዤ መሐል ከተማ፣ ከዚያ ቢጫውን። በሥራ ቀን ገና ወፍ ሳይንጫጫ የምሳፈርበት ስለሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

የእሑዱን ግን አላውቀውም ነበር። ስልኬም ያኔ ከመደወል በቀር የባቡር ሰዓት መንገር አይችልም። ነጠላዬን አጣፍቼ ጣቢያው ስደርስ በሩ ተቆልፏል። የተለጠፈው ማስታወቂያ እሑድ የሚከፈተው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው ይላል። በአንድ ሰዓት እኔ እዚህ ቆሜ፣ እዚያ ቄሱ «ክርስትና እናቷስ?» እያሉ ነው። ሕፃኗን ታቅፌ በእሷ ፈንታ ሰይጣንን የምክደው እኔ ነኝ፤ ካልደረስኩ አጠገቧ የቆመች ሴት ትይዛታለች፣ የክርስትና ልጅነቷም ለዚያች ሴት ይሆናል።

ልክ ያን ጊዜ የማውቀው ታክሲ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ጋሼ ወደ ኤርፖርት ለሥራ መውጣታቸው ነው።

«በሰንበትም በእግር ነው? ግቢ ላድርስሽ።»

ስድስት ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን አይጠይቅም።

«አይ ጋሼ፣ አይቸገሩ፤ በእግሬ ደስ ይለኛል» አለ አፌ።

«እንግዲያው በርቺ» ብለው ሄዱ።

የኋላ መብራታቸውን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ስፖርተኛ የሚለው ስም የተገባኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቀይ መብራት ባይዛቸው ኖሮ አልደርስባቸውም ነበር። መስኮታቸውን በጫማዬ ደበደብኩት።

«ጋሼ፣ አሌክሳንድሪያ! ክርስትና!»

«በእግርሽ?» አሉኝ፤ በሩን ግን ከፍተውልኝ ነበር።

እየሳቅኩም እያለቀስኩም ከኋላ ተቀመጥኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ቨርጂኒያ የሚወስደውን ድልድይ ስንሻገር ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «አየሽ ልጄ፣ እምቢ ስትዪኝ ንቀት ይመስለኝ ነበር» አሉ። «የተማረች ናት፣ ከባለ ታክሲ ጋር መታየት አፍራ ይሆናል እል ነበር። ለባለቤቴም እንዲሁ ብያታለሁ።»

ላለማስቸገር ስጠነቀቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ሳስቀይም ኖሬያለሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኩ።

ደረስኩ። ሕፃኗን በላብ በራሰ ነጠላዬ አቀፍኳት፤ እሷም ጩኸቷን አቀለጠችው። ዞር ስል ጋሼ የኤርፖርቱን ነገር ትተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ከወንዶቹ ኋላ ቆመዋል።

ቅዳሴው አልቆ ሰው በር ላይ ሲሰነባበት ጓደኛዬ ልጇን እንደታቀፈች መጣች።

«ራይድ አለሽ?» አለችኝ።

ጋሼ ታክሲያቸው አጠገብ ቆመው ያዩኛል፤ አፌ ምን እንደሚል እየጠበቁ ነው።

«አለኝ» አልኩ። ሄጄም የአጥቢያው ሰው ሁሉ እያየኝ ከፊት ወንበር፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።