ሀሌሉያ የእንፋሎቱን መንገድ ስትቀይስ

የልጅ ልጄ ሀሌሉያ የምትሠራው እዚሁ ኮሎምበስ ዳር፣ ዌስተርቪል ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቷ ፖላሪስ አጠገብ ቢሮ አለው፤ እሷ ግን አንዳንድ ቀን ብቻ ነው ብቅ የምትለው። በቀረው ጊዜ ኮምፒውተሯን ከሚጥሚጣው ዕቃ ጎን ትከፍትና ካናዳ ውስጥ፣ አልበርታ በሚባል ብርዳም አገር፣ ከመሬት ሥር ያለ ነዳጅ እንዴት እንደሚወጣ ታቅዳለች። እናቷ ፋናዬ ራት ልታቀርብ ስትል፣ "ሀሌ፣ ነዳጅሽን አንሺልኝ" ትላታለች።

ሀሌሉያ የተወለደችው ኮሎምበስ ነው። አማርኛዋ ግማሽ እንግሊዝኛ ቢሆንም ፊደል ታውቃለች። ልጅ ሳለች ቤተ ክርስቲያን ፊደል ስትማር እኔም ላጅባት እየሄድኩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬያት ቆጠርኩ። ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። እሷ ከእኔ ቀድማ ስትጨርስ ዞር ብላ፣ "እማማ፣ የት ደረስሽ?" ትለኝ ነበር። አሁንም አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር የት እንደደረስኩ ጠይቃኝ ከዚያ ትቀጥላለች።

ሥራዋንም ያስረዳችኝ እንደዚያ ነው። ሁለት የለስላሳ መምጠጫ ቀሰሞች አምጥታ አንዱን ከሌላው በላይ አጋደመቻቸው።

"እዚያ ነዳጁ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ነው ያለው። እንደ ቅጥራን ስለወፈረ አይፈስም። ስለዚህ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈራል። ወደ ታች ይወርዱና ጥልቁ ጋ ሲደርሱ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ እንደዚህ ተጋድመው ሩቅ ይሄዳሉ። በላይኛው እንፋሎት እንለቃለን። አሸዋው ሲሞቅ ነዳጁ ይቀልጥና ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ከታችኛው እንስበዋለን።"

"ውሃውስ?" አልኳት።

"አብሮ ይወጣል። ይጣራል፣ ተመልሶ ይፈላል።"

አባቷ እሸቱ ካናል ዊንቸስተር መጋዘን ውሎ መግባቱ ነበር። ጫማውን እያወለቀ፣ "ያ ሁሉ ትምህርት ቅቤ ለማቅለጥ ነው እንዴ?" አላት።

"ቤዚክሊ አዎ፣ ዳድ።"

የእሷ ድርሻ ከመሬት በላይ ያለው ነው። እንፋሎት የሚፈላበት ጣቢያ የት ይቀመጥ፣ የጉድጓዶቹ አፍ የት ይሁን፣ ቧንቧው በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ትቀይሳለች። የእንፋሎት ቧንቧ አይቀበርም። እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ በአጫጭር እግሮች ላይ ከጫካው መሀል ይዘረጋል። ዕቅዱ አልቆ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጫካው ውስጥ እያደኑ የሚኖሩትን የአገሩን ነባር ሰዎች መጠየቅ። አለቃዋ ክሬግ፣ "ይሄ ሚቲንግ ያለ ቅሬታ ካለቀ መስመሩ ይጸድቃል፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንቺ ትመሪዋለሽ" ብሏታል። ሀሌሉያ ይህን ስትጠብቅ ከኋላዋ የተቀጠሩት አልፈዋት ሄደዋል። ፋናዬ ገና ሳይጸድቅ ለማኅበር እህቶቿ ሁሉ አውርታለች።

ሚቲንጉ የተደረገው በኮምፒውተር ነው። እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም፤ በኋላ ሀሌሉያ ትነግረኛለች። በኮምፒውተሩ መስኮት አንድ አዳራሽ ይታያል። ሰዎቹ ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል። ከፊት ነጭ ጸጉራቸውን አንድ ጉንጉን ያደረጉ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ሚስስ አግነስ ይባላሉ፣ ለሽማግሌዎቹ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሀሌሉያ ካርታውን አሳየች፣ መስመሩን አስረዳች፣ ከዚያ የሚሉት ነገር እንዳለ ጠየቀች። ሚስስ አግነስ እጃቸውን እያዩ "ፋይን ነው" አሉ። ደግማ ጠየቀች። "ፋይን።" ክሬግ በኮምፒውተሩ ላይ በሌላኛው ሳጥን አውራ ጣቱን አነሣ። አለቀ።

ፋናዬ ከኩሽና እልልታዋን አቀለጠችው። ሀሌሉያ ግን ኮምፒውተሯን ዘግታ ከፊቷ ገፋችው።

"ምነው? ፋይን ነው አሉ አይደል?" አላት እሸቱ።

"እማማም ፋይን ነው የምትለው።"

"እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?" አልኩ።

"ዳድ ኤሲውን ሲለቀው፣ በረደሽ ወይ ስትባዪ 'ኧረ ምንም አልል' ትያለሽ። ጋቢ ደርበሽ፣ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ከተሽ። ሴትየዋም እንደዚያ ነው ያሉት።"

እሸቱ ወደ እኔ ዞረ። "ይበርድዎት ነበር እንዴ፣ እማማ?"

"ኧረ ምንም አልል።"

ሁሉም ሳቁብኝ። ፋናዬ ግን ቶሎ ሳቋን ዋጠች። "ሀሌዬ፣ ሰው ፋይን ካለ ፋይን ነው። ሊድ፣ መሪ ሊያደርጉሽ አንድ ሐሙስ ሲቀረው የተዘጋ በር አታንኳኪ።"

"ሰላም ማለት ክልክል ነው?" አልኩ እኔ። "ደውለሽ እንዴት ዋሉ በያቸው።"

በማግስቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችና ለሚስስ አግነስ ኮል አደረገችላቸው። ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው። ሚስስ አግነስ ስለ ጉልበታቸው ብዙ የሚሉት ነበራቸው። ከዚያ ሀሌሉያ ስለ ቧንቧው አነሣች። "ፋይን ነው" አሉ እንደገና።

"መስመሩን የሚያወጡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ በየት በኩል ያሳልፉት ነበር?" አለቻቸው።

 ከስልኩ ሳቅ ተሰማ። "እንዲህ ችኮ አድርጎ ያሳደገሽ ማን ነው?"

"አያቴ። አጠገቤ ናቸው።"

"እስቲ አገናኚኝ።"

"ሀሎ" አልኳቸው። እሳቸውም "ሀሎ" አሉኝ። ከዚያ ያለፈ የጋራ ቋንቋ ስለሌለን ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አወጡት። እኛ ይሉኝታ መስሎን ነበር፤ አልነበረም። "ከእናንተ በፊት የመጡት ሁሉ ጠይቀውናል" አሉ። "ነገርናቸው። ጻፉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ፣ ያሰቡትን ሠሩ። መናገር ሰለቸን፣ ልጄ።" ከጣቢያው በስተደቡብ ረግረግ አለ። ሙስ የሚሉት፣ በቁመቱ ከበቅሎ የሚበልጥ አጋዘን መሳይ እንስሳ ወደዚያ ይወርዳል። ቤተሰባቸው ለክረምት ሥጋ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ቧንቧው ደግሞ ረግረጉን ቆርጦ ነው ማዶ ወዳለው የጉድጓዶቹ አፍ የሚሄደው። "እንስሳው ቧንቧውን ሲያይ ይመለሳል። የእኛም ምግብ አብሮት ይመለሳል።"

 "ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም" አለች ሀሌሉያ። "ግን ይዤው እገባለሁ።"

ይዛው ገባች። ክሬግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሱም በላይ አለቆች አሉት። "ሚቲንጉ እኮ ያለ ቅሬታ አለቀ" አላት።

"አሁን ቅሬታ አለ። እኔ ሰምቻለሁ።"

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ቧንቧው ረግረጉን ዞሮ ይሂድ ቢባል እንፋሎቱ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። "እስከ ሰኞ ሌላ መላ አምጪ" አላት። "ካጣሽ መስመሩ እንዳለ ይቀራል። ደግሞ ልንገርሽ፣ የጸደቀ ነገር ለምን ትነካካለች፣ ሌላ ሰው ይምራው የሚሉ አሉ።"

ያን ሰሞን ፋናዬ "ብዬ ነበር" ልትል ይዳዳትና የልጇን ፊት አይታ ሌላ ወሬ ታመጣለች። ሀሌሉያ ትሥላለች፣ ታጠፋለች። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ኮረብታ ይወጣል። በመጨረሻ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትማ ጠረጴዛውን ሙሉ አለበሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሸቱ ኳስ ያይ ነበር። የእኛን ሳሎንና መመገቢያ ክፍል ግድግዳ አይለያቸውም።

"ሀሌ፣ ጭንቅላትሽ ጎሉን ሸፈነብኝ። ወዲያ ማዶ ዙሪ።"

"ዳድ፣ አይም ወርኪንግ።"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ።"

እያጉረመረመች ሻይዋን ይዛ ማዶ ተቀመጠች። ካርታው አሁን ለእሷ ተገልብጧል። ልታዞረው እጇን ዘረጋችና እንደዘረጋች ቀረች።

"ጉድጓዶቹ ለምንድን ነው ከደቡብ የሚገቡት?" አለች።

"እኔን ነው?" አለ እሸቱ።

"ደቡብ በኩል የድሮ ነዳጅ ፈላጊዎች የመነጠሩት ሜዳ አለ። ሁሉም ሰው ከዚያ ጀመረ፣ እኔም ከዚያ ጀመርኩ።" ወደ ኩሽና ሄዳ ቀሰም አመጣች። በካርታው ላይ፣ ረግረጉ ካለበት ቦታ ላይ አጋደመችው። "እማማ፣ እይ። ነዳጁ ያለበት ቦታ አይቀየርም። የተጋደመውም ጉድጓድ ቦታው እዚሁ ነው። አፉ ግን በዚህ ጫፍም፣ በዚያኛው ጫፍም ሊሆን ይችላል።" ቀሰሙን አንሥታ ከሰሜን፣ ጣቢያው ካለበት በኩል መልሳ አስገባችው። "ከዚህ ከገባን በረግረጉ ሥር እናልፋለን። በጣም ጥልቅ ነው፣ ላይ ያለው እንስሳ አያውቀውም። ቧንቧው ረግረጉን አይሻገርም።"

"እንፋሎቱስ አይቀዘቅዝም?" አልኩ።

"እንዲያውም ቧንቧው ያጥራል።"

እሸቱ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አድርጎ አያውቅም።

ሰኞ ለክሬግ ብታቀርበውም ነገሩ ወዲያው እሺ አልተባለም። ሰሜን ያለው መሬት ማሽኑን ይችል እንደሆነ መታየት ነበረበት፤ ቆፋሪዎቹም ጥያቄያቸውን ደረደሩ። ሀሌሉያ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ሆና ለእያንዳንዱ መለሰች። በኋላ መሬቱ ጠንካራ ነው ተባለ። እሸቱ መጋዘን ለሚሠሩት ጓደኞቹ የካናዳን ጉድጓድ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዞረው እሱ እንደሆነ ነግሯቸዋል። "ባላስነሣት የት ታየው ነበር?" ይላል። ክሬግም ለአለቆቹ አስረዳና፣ "የአዳራሹን ሰዎች እንደገና እንጠራለን። እዚያ ከተስማሙ ያንቺ ነው" አላት።

በሁለተኛው ሚቲንግ ፋናዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆማ ጸለየች። ሀሌሉያ አዲሱን ካርታ አሳየች። ሚስስ አግነስ አሁን እጃቸውን አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ካርታው ተጠጉ፣ አጠገባቸው ላሉት በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፣ እንደገና አዩ።

"ረግረጉን አልነካችሁትም" አሉ።

"አልነካነውም" አለች ሀሌሉያ።

"እንግዲያው ፋይን ነው?" አለ ክሬግ።

"ይሄኛው ፋይን ነው። ሌላ ግን አለን" አሉ ሚስስ አግነስ።

በክረምት ከባድ መኪኖቹ የሚያልፉበት መንገድ ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁበት እንደሆነ ተናገሩ። ገና ሳይጨርሱ ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ከሳቸው አጠገብ ያለች ወጣት ሴትም አነሣች። በመጀመሪያው ሚቲንግ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም ነበር።

ክሬግ ዓይኑን ጨፈነና ከፈተ። "ሀሌሉያ" አለ፣ "ሊዱ አንቺ ነሽ። ሰዎቹም ያንቺ ናቸው።"

ፋናዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት። ሀሌሉያ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ትስቅ ነበር።

"ከኋላ ያሉት አባት ይቅደሙ" አለች። "እየሰማሁ ነው።"