አሚን የተባለለት ሐጃዬ

በደርግ ዘመን ከሚሴ ውስጥ ማዘን ክልክል ነው የሚል አዋጅ አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እኔ ነበርኩ።

አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ተማሪ ነኝ። ሰኞ ያለምክንያት እየሳቅሁ ክፍሉን እበጠብጣለሁ። ማክሰኞ ጓደኛዬ ሰላም ብትለኝ አለቅሳለሁ። ረቡዕ ሳቁም ለቅሶውም የለም፤ ግድግዳ እያየሁ መዋል ብቻ። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ፣ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎት። በመጨረሻ የመጣው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ምነው ባልነቃሁ ማለት ጀመርኩ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። የሚጠይቀኝም አልነበረም፤ ሁሉም በሽታዬን ከእኔ በላይ ያውቀዋላ።

የክሊኒኩ ድሬሰር ወባ ነው አለ። ቦርከና ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው ከወባ ሌላ እንዲታመም አይፈቀድለትም። ክሎሮኪኑን ዋጥኩ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ አፌ መረረ፤ ሐዘኑ ንቅንቅ አላለም። የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ስብሰባ መሐል አስነስቶ ችግሬ የንዑስ ከበርቴ ስሜት መሆኑን አብራራልኝ። ያለኝ ሀብት አንድ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ እሱም ማሰሪያው ተበጥሷል። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፤ አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። አክስቴ ዓይን ነው አለች። አባቴ ባል ነው የሚያስፈልጋት አለ፤ እሱ ከብትም ሲከሳበት መሸጥ ልማዱ ነው።

እናቴ ብቻ ምንም አላለችም። ሐሙስ ከሰዓት ወዳጃ ጠራች።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ጫት ቀረበ። ወዳጃ ወግ አለው። እያንዳንዱ ሰው በተራው ሐጃውን፣ ማለትም ከአላህ የሚሻውን ነገር፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ወዳጃውን የሚመሩት ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቤቱ «አሚን» ይላል። አንዱ ላሙ በሰላም እንድትወልድለት ለመነ። አሚን። አንዷ ልጇ ከጦር ሜዳ እንዲመለስላት። አሚን። ምርቃናው እየጨመረ ሲሄድ አሚኑ ከልመናው ይቀድም ጀመር።

ተራዬ ደረሰ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቱ ወጣ።

«ጠዋት መንቃት አልፈልግም። ብሞት ይሻለኛል» አልኩ።

«አሚን» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ከማኅበሩ ጭብጨባ ወዲህ እንዲህ ያለ ድጋፍ አግኝቼ አላውቅም። አንዱ እንዲያውም «አላህ ያሳካልሽ» ብሎ ጨመረበት።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ዝም በሉ እስቲ። ማል ጄቴ፣ ኢንተለ ኮ? ምን አልሽ፣ ልጄ?»

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። አሁን አሚን የሚል ጠፋ። አባቴ የጎረሰውን ጫት ሳያኝክ ቀረ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

ነገርኳት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። አፈርኩ፤ ፈራሁም፤ ግን ደረቴን ቀለል አለኝ።

የባሉ ነገር በዚያው ቀረ። እኔም በአንድ ወዳጃ አልዳንኩም። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ «ተነሽ» ማለቷን ትታ «ዛሬስ?» ትለኝ ጀመር። ብዙውን ቀን «ደህና ነኝ» እላታለሁ። «ዛሬም ያው ነው» ያልኳት ቀን፣ ለገበያ ያሰናዳችውን ማሽላ ከነስልቻው ጥግ ታስደግፍና መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ትውላለች።