ሉባባን ባሕር የላክሁ ጊዜ

በቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ ባለቤቱ ሀጂ ይመር ገና ወንበር ሳይሰጡኝ አንድ ፓስፖርት እጄ ላይ አኖሩ።

«አንብቢው» አሉኝ። ስሙን ጮክ ብዬ አነበብሁ።

«እሱን ማንም ያነባል። መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ከዚያ ስሙን ከትኬቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሪ። አንድ ፊደል ከተለየ ሰውየው ቦሌ ላይ ይቀራል፤ የሚረግመው ደግሞ እኔን ነው።»

ያን ቀን እስኪመሽ የሠራሁት ማመሳከር ብቻ ነበር። ቤቴ ስገባ ዓይኔን ብጨፍን የሚታየኝ ፊደል ነው።

ትኬት ቆራጭ ሆኜ ገባሁ። ቆይቶ ሙሉ ጉዞ ማዘጋጀት ተማርሁ፤ ቪዛ ማመልከት፣ ማደሪያ መያዝ፣ ከአውቶብስ ወርዶ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ሰዓቱን ማገናኘት። ሀጂ እርጅና ሲይዛቸው ቢሮውን ለእኔ ተዉልኝ። አሁንም ነገር ሲጠናብኝ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

ከእኛ ቢሮ የሚወጣ መንገደኛ ወይ ለሥራ ዐረብ አገር ይሄዳል፣ ወይ ለዑምራ፣ ወይ ለሕክምና። ከጎብዬ የሚመጣውም፣ ከሮቢትና ከዋጃ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳርቻ ሄጄ ጥቂት ቀን ልቀመጥ ብሎ ውጭ አገር ላኪኝ ያለኝ ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላላችሁና አዲስ ለምትገቡት የምነግራችሁ ስለ እሱና ስለ ሚስቱ ነው።

እንድሪስ ይባላል። ሜዳው ላይ ባለው መስኖ የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ያንቀሳቅሳል። ሚስቱ ሲስተር ሉባባ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ ልጆቼን በሙሉ የከተበችልኝ እሷ ናት። ራህማ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ራህማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ኩላሊቷ ታመመ። ውጭ አገር ትታከም ተባለ። ሦስቱም ደሴ ሄደው ፓስፖርት አወጡ፤ ትኬቱን ልቆርጥላቸው ተቀጣጥረን ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ ልጅቷ ሞተች።

ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ እንድሪስ አንድ ጧት ወደ ቢሮዬ ገባ። ሦስቱን ፓስፖርት እንደታሰሩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ባሕር ያለበት አገር ላኪን» አለኝ።

«የት?»

«የትም። ቅርብ ይሁን እንጂ። ለሉባባ የሳምንት ፈቃድ ድንገት ሰጧት፤ ከነገ ወዲያ ይጀምራል። አቅሜንም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ለሕክምናው የተዋጣለትን ብር ለሌላ በሽተኛ እንደሰጠ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በእጁ የነበረው ከደመወዙ የቆጠባት ትንሽ ነገር ናት።

«ባሕር ካማራችሁ ሐይቅ ምን አላት? ጧት ብትነሱ ለምሳ ትደርሳላችሁ» አልሁት።

«ሐይቅ ዘመድ አለን። ደሴም አለን። ባሕር ዳር ብንሄድ አብረዋት የተማሩ ነርሶች አሉ። የሄድንበት ሁሉ አላህ ያጽናሽ የሚላት ሰው አይጠፋም። ሰው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እሷ ግን መስማቱን አልቻለችውም። ገበያ መውጣት ትታለች፤ ሥራ የምትሄደው በጓሮ በኩል ነው። ማንም የማያውቃት ቦታ ጥቂት ቀን ትቀመጥ።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕር ዳር ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ሆንህ የሚለው የለም ብዬ ነው» አለኝ።

ሁለቱን ፓስፖርት አስቀርቼ ሦስተኛውን መለስሁለት። ሳያየው በደረት ኪሱ ከተተው።

ከሄደ በኋላ ሥራዬን ጀመርሁ። ዛንዚባርን አየሁ፤ ሞምባሳን አየሁ። የአውሮፕላኑ ዋጋ ብቻ የእንድሪስን አቅም ይጨርሰዋል። ሀጂ ይመር ቤት ሄድሁ። እሳቸው ነገሩን ሰምተው፣ «ጅቡቲ በመኪና ይደረሳል። ከተማው ውስጥ ግን አታሳድሪያቸው፤ የሆቴሉ ዋጋ ይነክሳል። ሻገር አድርጊያቸው» አሉኝ።

ሞሚና የምትባል ከአፋር ወደ እኛ ገበያ ልብስና ሽቶ የምታመጣ ነጋዴ አለች። ደወልሁላት። አክስቷ ፋጡማ ከጅቡቲ ከተማ ባሕሩን ተሻግሮ ባለችው በታጁራ ትኖራለች። ቤቷ ከውሃው ዳር ነው፤ ለእንግዳ የምታከራየው አንድ ክፍል አላት። ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ጋር ስለኖረች አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም። ምግቡም እዚያው ነው፤ የሆቴል ወጪ ቀረ። ክፍሉን በሞሚና በኩል ያዝሁ፤ የቪዛውን ማመልከቻ በኢንተርኔት ላክሁ፤ በማግስቱ መልሱ ደረሰ።

መንገዱን እንዲህ አሰናዳሁት። ከቆቦ ወልድያ በሚኒባስ። ከወልድያ በሐራና በጭፍራ አድርጎ ሚሌ። ሎግያ ላይ ማደር። በማግስቱ በጋላፊ ኬላ አልፎ ጅቡቲ። ከዚያ በጀልባ ታጁራ።

መልሱ በደረሰ ቀን ከሰዓት በኋላ ሉባባ ራሷ መጣች። የሥራ ጋወኗን አላወለቀችም። በሩ ላይ ቆመች።

«ባሕር የምትልኪኝ አንቺ ነሽ?»

«ነይ ግቢ ሲስተር፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ልጄን ሊያድን በወጣ ፓስፖርት እኔ ልዝናና? እንድሪስስ ወንድ ነው፣ አይገባውም እንበል። አንቺ ግን ልጅ ያለሽ ሴት ነሽ።»

ያለኝ የሥራ መልስ ብቻ ነበርና እሱን ነገርኋት። «መሰረዝ ይቻላል። አሁን ለሞሚና እደውልና ክፍሉን እተዋለሁ። አንቺ ብቻ በይኝ።»

ስልኬን አነሳሁ። ሉባባ አየችኝ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አየች።

«ጀልባም አለበት አሉ።»

በእኛ አገር ጀልባ ሲባል ሰው የሚያስበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚህ ሜዳ ተነሥተው በዚያው ባሕር የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። «ይሄ በጠራራ ፀሐይ ሰው ከነጓዙ የሚመላለስበት የሕዝብ ጀልባ ነው» አልኋት።

«እዚያ ማን ያውቀናል?»

«ማንም።»

«ሞሚና ለአክስቷ የነገረቻት ነገር የለም?»

«ለሞሚናም አልነገርኋትም። ባልና ሚስት እንግዶች ይመጣሉ ነው ያልኋት።»

ያኔ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችውና ወጣች። ጉዞውን መቀበሏን ያወቅሁት በዚህ ነው።

በማግስቱ ጧት ከመናኸሪያው አሳፈርኋቸው። ሉባባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መስኮት ዳር ተቀመጠች።

እንድሪስ ከሎግያ ደወለ። «ሙቀቱ ያው የእኛው ሙቀት ነው፣ ትንሽ ባሰ እንጂ። እሷ ከወልድያ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም» አለኝ። ከጋላፊ ደወለ፤ ኬላውን በሰላም አልፈዋል። ከታጁራ ሲደውል ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። «ደርሰናል። ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ሴትየዋም ጥሩ ሰው ናት» ብሎ ቶሎ ዘጋው። እኔም ጉዞው የተሳካ መሰለኝና ወደ ሌላ ሥራዬ ዞርሁ።

የሚመለሱበት ቀን የቆቦ ገበያ ቀን ነበር። ከወልድያ በርካሽ የሚጭነው ሚኒባስ እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ እሱን ነበር የያዝሁላቸው። መናኸሪያው በሰው ጢም ብሏል። ሉባባ ገና እግሯን መሬት ስታሳርፍ የሚያውቋት ሁሉ ከበቧት።

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና ገባሽ!»

«አላህ ያጽናሽ፣ ተሻለሽ?»

«ባሕር ሄደሽ ነበር አሉ! መቼም ሐዘን ነው፣ ትንሽ ቀለል አለሽ?»

ከቢሮዬ ደጃፍ ሆኜ አየኋት። አንድ ጥቅል ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። በሰው መሐል ሰንጥቃ ወደ እኔ መጣችና ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከውጭ የማትታይበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንድሪስን «ሂድና ቤቱን ክፈት» አለችው። እሱም ሄደ።

ጥቅሉን ፈታችው። አዲስ ሂጃብ ነው፤ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ በክር የተሠራ፣ ለልጃገረድ የሚሆን።

«ይሄ የራህማ ነው» አለችኝ።

ደነገጥሁ። ገብቷት መሰለኝ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

የደረሱ ዕለት ፋጡማ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችላቸውና እንደ ማንኛዋም ሴት ጠየቀች፦ «ልጅ አላችሁ?» እንድሪስ አንገቱን ደፋ። ሉባባ ግን፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው፣ «አንዲት ልጅ አለችን፤ ራህማ ትባላለች» አለች።

«ምን ትሠራለች?»

«ትማራለች። ሂሳብ ትወዳለች። ሰው ሊያስቃት ከጀመረ አታቆምም፤ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።»

እዚያ በቆዩባቸው ቀናት ሁሉ እንዲያ ሆነ። ጧት ጧት ከፋጡማ ጋር ውሃው ዳር ተቀምጠው ስለ ራህማ ታወራላታለች። የምትወደውን ምግብ፣ ጠዋት ለመነሳት እንዴት እንደምታስቸግር፣ ከአባቷ ጋር ስለ ሞተሩ እንዴት እንደምትከራከር። ፋጡማም ትስቃለች፣ ትጠይቃለች። እንድሪስ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሰማል፤ አንድም ቀን አላረማትም። አንዴማ እሱ ራሱ «ወደ እኔ ነው የምታደላው» ብሎ ገባበት።

«ዓመት ሙሉ ሰው ስሟን ከሐዘን ጋር ብቻ ነው የሚጠራብኝ» አለችኝ ሉባባ። «እዚያ እንደማንኛዋም ልጅ ሆነች። ባሕሩንማ አላየሁትም ማለት ይቀላል።»

ሲሰናበቱ ፋጡማ ሂጃቡን አወጣች። «ይሄን ለራህማ ስጭልኝ። ለብሳው ፎቶ ተነስታ ትላክልኝ» አለቻት። ሉባባም ተቀበለች። ጀልባው ላይ ከወጡ ጀምሮ ቆቦ እስኪደርሱ ከእጇ አላወረደችውም።

«ፎቶ ትጠብቃለች» አለችኝ። «ምን ላድርግ? ዋሸሁ እኮ።»

«ለሞሚና እኔ እነግራታለሁ፤ እሷ ታስረዳልሽ» አልኋት።

«አይሆንም። የፋጡማን ቁጥር ደውይልኝ።»

ደወልሁና ስልኩን ሰጠኋት። በሩን ዘጋሁ። ፋጡማ ከወዲያ በደስታ ስትጮህ እኔም ጋ ይሰማል። ሉባባ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«በሰላም ገብተናል፣ አልሐምዱሊላህ። ፋጡማ፣ ሂጃቡን ራህማ አትለብሰውም። ራህማ ሞታለች። አንቺ ቤት ስገባም ሞታ ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የፋጡማ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፦ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ታዲያ እህቴ፣ ያ የነገርሽኝ ሁሉ?»

«ሁሉም እውነት ነው። ሂሳቡም፣ ሳቋም፣ ከአባቷ ጋር መከራከሯም። ውሸቱ ትወድ ነበር ማለት ሲገባኝ ትወዳለች ማለቴ ነው።»

ፋጡማ ስታለቅስ ሰማኋት። ያላየቻትን ልጅ በስሟ እየጠራች አለቀሰች። «እኔም እኮ ለመድኋት» አለች። «አላህ ያጽናሽ፣ ሉባባ።»

ከዚያች ሴት አፍ ሲመጣ ሉባባ አልሸሸችውም። «አሚን» አለች። ስልኩን መለሰችልኝና ፊቷን ሂጃቡ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። እኔ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ውጭ ሰው በሩን ያንኳኳል፤ አልከፈትሁም።

ገበያው እስኪበተን ቆየን። ከዚያ በጓሮ በኩል ቤቷ አደረስኋት። እንድሪስ በሩን ከፍቶ፣ ቤቱን ጠርጎ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የት ቆየሽ አላላትም። እጇን ይዞ አስገባት።

ሐዘኗ ቀለለ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ገበያ አትወጣም። ሂጃቡን ለማንም አልሰጠችም፣ አልለበሰችውምም። ፋጡማ ግን በየረመዳኑ ትደውልላታለች፤ ስለ ራህማ ያወራሉ ይለኛል እንድሪስ። ለዓመቱ መታሰቢያ ሞሚና ከአፋር መጥታ በአክስቷ ስም ከለቀስተኞች ጋር ተቀምጣለች። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ የትም አልሄዱም።

በዚያ ጉዞ መሄጃውን በደንብ ነበር ያሰናዳሁት፤ ቪዛው ደርሷል፣ ክፍሉ ተይዟል፣ ዋጋው ከአቅማቸው አላለፈም። መመለሻውን ግን በዋጋው ብቻ መረጥሁት፤ የገበያ ቀን እኩለ ቀን፣ በሰው መሐል። ከዚያ ወዲህ ሐዘን ያለበት ሰው ወደ ቢሮዬ ሲመጣ የት መሄድ እንደሚፈልግ ከጠየቅሁ በኋላ፣ ወደ ቤቱ በስንት ሰዓት መግባት እንደሚፈልግና በሩን ማን እንደሚከፍትለት እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።