የፈጣን ውሃ ዓሣ

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ያመጣኋት አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። አርባ ዓመት በርበሬና ቅመም የነገደች ሴት ናት። «ከእንግዲህስ ይብቃሽ» አልኳት፤ ፓርክላንድስ ያለው ቤቴ ውስጥ ምንም እንዳትነካ ከለከልኩ። ማንኪያ ልታጥብ ስትነሳ ዳዳዋ፣ የቤት ሠራተኛችን፣ ሮጣ ትቀማታለች። ያዘዝኳት እኔው ነኝ።

ሦስት ወር ሳይሞላት ምግብ ጠላች። ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም። «አገሬ ስደጂኝ» ትለኛለች፤ «ብቻሽን ማን ያይሻል?» እላታለሁ። «አንቺን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው» ትለኛለች። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ጊጊሪ ባለው መሥሪያ ቤቴ አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደ ሌላ አገር ስትዛወር ሁለት ዓሣዎች ከነመስታወት ገንዳቸው ትታልኝ ሄደች። የኮንጎ ወንዝ ዓሣዎች ናቸው፤ ጣት የሚያክሉ፣ ግንባራቸው ያበጠ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ቢባልም ስም እንኳ አላወጣሁላቸውም። እንደ ሌላ ዓሣ ወዲያ ወዲህ አይሉም፤ ከታች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ይውላሉ። ፓምፑ ደግሞ ውሃውን እንደ ወራጅ ወንዝ ይለቅባቸዋል። እናቴ ቀኑን ሙሉ እነሱን ስታይ ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ አንጀቴን በሉኝ። ምስኪኖች፣ መዋኘት ያቃታቸው ይህ ውሃ እያዳፋቸው ነው ብዬ ፓምፑን አጠፋሁት።

«ተያቸው፤ ለምደውት ይሆናል» አለች እናቴ። እኔ መች ሰምቼ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ አንዷ ሞታ ተንሳፍፋለች፤ ሌላው ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ዓሣ ሻጭ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ተቆጣኝ። «የሚኖሩት በሚጋልብ ውሃ ውስጥ ነው። የቆመ ውሃ ያፍናቸዋል» አለኝ።

ፓምፑን አብርቼ ሰውዬው ያለኝን ለእናቴ ነገርኳት። ዓይኗን ከገንዳው ሳታነሳ «የእኔንስ መቼ ታበሪልኛለሽ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ከዳዳዋ እጅ ሽንኩርቱንና ቢላዋውን ተቀብዬ አመጣሁላት። ፊቷ በራ። ልትልጥ ስትጀምር ግን እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ቢላዋው ከሽንኩርቱ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት። የበርበሬ ጆንያ ብቻዋን ታነሳ የነበረች ሴት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ ከመጣች በእጇ ምንም ይዛ አይቻት አላውቅማ።