በበቆሎው መሃል የሄደው ቤት

ቤቱ በመንገዱ ላይ ሲሄድ ቨርሊን ቲደማን በአሮጌ ፒክአፑ ከኋላ ከኋላ ይከተለው ነበር። ባለ አንድ ፎቅ ነጭ የእንጨት ቤት ነው። በብረት አግዳሚዎች ላይ ተነስቶ፣ ከሥሩ ጎማ ተደርጎለት፣ ከፊቱ አንድ ግዙፍ መኪና እየጎተተው በበቆሎው መሃል ቀስ እያለ ይጓዛል። በቆሎው ቁመቱን ጨርሶ ስለነበር ጎማውም መኪናውም አይታይም። የሚታየው ቤቱ ብቻ ነው፣ በአረንጓዴው ላይ ሲንሳፈፍ። የወጥ ቤቱን መጋረጃ ማንም ስላላወረደው ነፋስ በገባ ቁጥር ወደ ውጭ ይውለበለባል። ቨርሊን በዚያ ቤት ተወልዶ በዚያ ቤት ሸብቷል፤ ቤቱ ሲሄድ ያየው ግን ያን ቀን ገና ነው። ሕልም እንዳይሆን ብሎ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገና ክንዱን ለነፋሱ ሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ የሚረከበው ልጅም ስላልነበረው፣ እርሻውን ለጎረቤቱ ሸጦ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የእህቱ የአርዲስ ምድር ቤት ገባ። ገዢው የፈለገው አፈሩን ነው። ቤቱ ለእርሻ መሰናክል ስለሆነበት አቃጥለው እንዲለማመዱበት ለበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ሰጣቸው። እዚህ አዮዋ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ወንበሩን ይዞ ሄዶ ያያል። ቨርሊን ሲነገረው «እንግዲህ እነሱም መልመድ አለባቸው» አለ። የዚያን ዕለት ግን እራቱን ሳይነካ ተነሳ።

ቤቱን ያተረፈችው ሎሬታ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእንጨት መሸጫቸው ፈርሶ ቦታው ባዶውን ቀርቶ ነበር። «ደህና ቤት ምን በወጣው ይቃጠላል!» ብላ፣ ቤት የሚያጓጉዝ ሰው ጠርታ፣ እኛ ከተማ ኦርዴል መሃል፣ ከእህል ጎተራው ማዶ አስቀመጠችው። ልታከራየው ነው።

ቨርሊን ቤቱ ከመኪናው ሲወርድ ቆሞ አየ። ልከራየው፣ አለ በሆዱ። ከዚያ በቀር የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ከሆዱ ግን አላወጣውም።

እኛ የኦርዴል ሰዎች የምንፈልገውን መናገር አይሆንልንም። የመጨረሻዋ ቁራጭ ኬክ ሳህን ላይ ደርቃ ታድራለች እንጂ «እኔ ልብላት» የሚል አይገኝም። ይህን ጨዋነት እንለዋለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹ ፍርሃት ነው። ቨርሊን ደግሞ ከሁላችንም ይብሳል። በጎረምሳነቱ ማርዌላ የምትባል ልጅ አንድ በጋ ሙሉ ፒክአፑ ውስጥ ከጎኑ እየተቀመጠች አንዲት ቃል ጠበቀች። ያቺ ቃል ሳትመጣ ስትቀር ኦማሃ ከተማ ሄዳ አገባች። እሱም ለሠርጓ ደህና ብርድ ልብስ ላከላት።

አሁንም ያንኑ ሥራውን ቀጠለ። ሰበብ እየፈለገ ከቤቱ ደጃፍ አይጠፋም።

«በዚህ ሳልፍ፣ የጓሮው በር ይጮህ ነበር ብዬ ነው» አለ አንድ ቀን፣ የዘይት ጣሳውን ቤቱን ለምታጸዳው ለሎሬታ እያሳየ።

«ኧረ አትቸገር ቨርሊን።»

«ምን ችግር አለው።»

«ቡና ልስጥህ?»

«ተይው፣ አትድከሚ።»

«የተፈላ ነውኮ።»

«እንግዲህ ካለ፣ ግማሽ።»

ግማሽ ስኒውን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሎሬታ ዓይን ዓይኑን እያየች «ለቤቱ የሚሆን ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

«አታጪም» አለ ቨርሊን። «ጥሩ ቤት ነው። ማለቴ፣ መጥፎ አይደለም።»

ሁለቱም ጎተራውን ማየት ጀመሩ። ኋላ እንደነገረችን፣ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሰውን የገዛ ቤትህን ተከራየኝ ማለት ውርደት መስሎ ታያት። እሱ ደግሞ ለቤተሰብ አስባው ከሆነ አስጨንቃታለሁ ብሎ ፈራ። እንዲህ እየተፈራሩ የነሐሴን ወር በግማሽ ስኒ ጨረሱት።

ቡና ቤቱ ውስጥ ዱዌይን የሚባል፣ ነገር ካላነካካ የማይውል ሰው አለን። ቨርሊን ገና ሳይቀመጥ ጀመረው።

«አንተ፣ ቤትህ ቀድሞህ ከተሜ ሆነ አይደል!»

«ምን ላድርግ፣ የእሱ እግር ከእኔ ይሻላል» አለ ቨርሊን፤ ሰዉ ሳቀ።

«ለነገሩ ለአዲሷ አስተማሪ ተሰጥቷል አሉ። ቅዳሜ ልትገባበት ነው።»

ቨርሊን «ይሁን፣ ደህና ልጅ ትሆናለች» አለ። ቡናውን ሳይጨርስ ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዱዌይን እንኳ ያን አይቶ አልቀለደበትም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሕልሙ ይመጣበት ጀመር። በበቆሎው መሃል እየተንሳፈፈ መጥቶ ከአርዲስ ምድር ቤት መስኮት ፊት ይቆማል። አይገባ፣ አይሄድ። መጋረጃው ይውለበለባል። ቨርሊን ሊናገር አፉን ሲከፍት የሚወጣው «ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው» የሚል ብቻ ነው። ቤቱም ጥቂት ጠብቆ ዞሮ ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ሕልሙን ለአርዲስ ነገራት።

«ታዲያ ሂድና ለሎሬታ ንገራታ!» አለችው።

«ቃል ሰጥታለችኮ፣ እህቴ።»

«በማርዌላም ጊዜ እንዲህ ሰበብ ስትደረድር ነበር። እኔም ያኔ ዝም አልኩ። አሁን አረጀሁ፣ ዝም የምልበት ጊዜ የለኝም። ተነስ ውጣልኝ!»

ሲደርስ ሎሬታ በረንዳው ላይ ከአስተማሪዋ ጋር ቆማለች። ኬልሲ ትባላለች፤ ሕፃን ልጇን ታቅፋለች። ቨርሊን ዛሬ የዘይት ጣሳ አልያዘም። ባርኔጣውን አወለቀና ደረጃውን ወጣ።

«ዘንድሮ ዝናቡ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ፊቱ ቀላ። «ሎሬታ፣ ይህን ቤት እፈልገዋለሁ። ልከራየው እፈልጋለሁ። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። በዕድሜው ሙሉ «እፈልጋለሁ» ያለው ተደምሮ ይህን አያህልም።

«ምናለ ቀደም ብለህ ብትናገር!» አለች ሎሬታ።

«ምናለ ብትጠይቂኝ!»

«እንዴት ብዬ! የገዛ ቤትህን?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አሁን ምን ላድርግህ? ለልጅቷ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ኦርዴል ውስጥ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። ቨርሊንም ያውቃል። «ገባኝ» አለ፣ ባርኔጣውን እየደፋ። «እንዲያው እንድታውቂው ነው።» ደረጃውን መውረድ ጀመረ። የሚገርመው፣ ልቡ ተሰብሮ እንኳ ደረቱ ቀልሎት ነበር።

«እኔ እንኳ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ከኋላው መጣ። ኬልሲ ናት። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ቤቱ መጥፎ አይደለም። ግን ወደ ፎቁ የሚወጣው ደረጃ በጣም ቀጥ ያለ ነው፣ ልጄ ደግሞ መዳህ ጀምራለች። የወደድኩት ከባንኩ በላይ ያለውን፣ ውስጡ ደረጃ የሌለበትን ክፍል ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?» አለች ሎሬታ።

«እንደዚያ ደስ ብሎዎት ሲያሳዩኝ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ።»

ለካ ልጅቷ የጎረቤት ወረዳ ልጅ ናት፤ የእኛው ሰው። ሎሬታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሦስታችንም!» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «ሦስታችንም!»

ቨርሊን በማግስቱ ገባ። ዕቃው አንድ ፒክአፕ እንኳ አልሞላም። ከእራት በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ቤቱ ሲተከል ፊቱን ወደ መንገዱ እንዲያዞር ስለተደረገ፣ ድሮ የጠዋት ጸሐይ ይገባበት በነበረው መስኮት አሁን የማታዋ ትገባለች። ግድግዳው ያው ነው፣ ወለሉ ያው ነው፤ ዓለም ብቻ በዙሪያው ዞሯል። የከብቶች በረት በነበረበት በኩል የእህል ጎተራው ቆሟል። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ወርቅ ሆኖ ሲያርፍ ማለዳ መሰለውና እናቱ ከፎቅ የምትወርድ መስሎት ጆሮውን ሰጠ። የሚወርድ አልነበረም።

እናቱ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል ስትሞት እንኳ እጇን ይዞ ያወራት ስለ በቆሎው ነበር። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ናፍቀኸኝ ነበር» አለው።

 መናገሩ እንደፈራው አልከበደውምና፣ ደግሞ አለው።