ገረሴ ሲደርስ አሸዋ የሚሆነው የዳቦ ቅባት

እኛ ቤት የሚሠራው የዳቦ ቅባት ነው። ዳቦ ጋጋሪዎች ሊጥ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ዳቦው በማግስቱም ለስላሳ ሆኖ ያድራል። ፈሳሽ ዘይት አለበት፣ የሚረጋ ዘይት አለበት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ነጭ ዱቄት አለበት። የዱቄቱን ስም ልጄ ደጋግማ ነግራኝ ምላሴ አልያዘውም። ሥራው ግን ገብቶኛል። ዘይትና ውሃ አይዋደዱም። ሊጥ ውሃ አለው። ዱቄቱ መሃል ይገባና ያዋህዳቸዋል። «እንግዲያው አስታራቂ ነዋ» አልኳት። ሳቀችና እሷም እንደዚያው ትጠራው ጀመር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ያልጣመው ይተወው።

ልጄ የመጨረሻዋ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምግብ ነገር ተማረች። ተመርቃ ሥራ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣች። ከዚያ «አባዬ፣ ግቢውን ስጠኝ» አለች። ግቢያችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ ወረድ ብሎ። ሰጠኋት። ጫኖ የነበረችኝን የሙዝ ማሳ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ለሌላ ሰው ትቼ ስለነበር እኔም ሥራ ፈት ነበርኩ። ከሰል ማቀጣጠልና ትልቁን ድስት ማማሰል የእኔ ሆነ። ልኬቱን አታስነካኝም። እንዳላስቸግር ብዬ ነው እንጂ ልኬቱንም እችለው ነበር።

የሲቀላና የሴቻ ጋጋሪዎች ወደዱት። ችግር የመጣው ከገረሴ፣ ከደጋው ነው። እዚያ ላይ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ አለች። ከሁሉም ደንበኛ የበለጠ የምትወስደው እሷ ናት፤ የሷ ጀሪካን ከቀረ ሥራው ሥራ አይባልም። አንድ ቀን ደወለች። ልጄ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«እህቴ፣ ይሄ ቅባትሽ አሸዋ አለው እንዴ?»

«የምን አሸዋ?»

«እኔ ልንገርሽ ወይስ አንቺ ትነግሪኛለሽ? አንዱ ዳቦ ድንጋይ፣ አንዱ ዳቦ ጭቃ!»

ጀሪካኑን በመኪና መልሳ ላከችው። ትሪ ላይ ገለበጥነው። መጀመሪያ የወረደው ቀጭን ዘይት ነው። መጨረሻ ላይ ነጭ ነገር ዱብ ዱብ አለ። በጣት ሲያሹት እንደ ሻማ ፍርፋሪ ነው። ልጄ ዓይኗን አጥብባ አየችውና «አስታራቂው ነው። ሁሉም ታች ወርዷል» አለች። ከላይ የተቀዳው ምንም አስታራቂ የለው፣ ከታች የተቀዳው አስታራቂ ብቻ። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር።

እኔ ምክንያቱን ወዲያው አወቅኩት። «ብርድ ነው» አልኩ። «ገረሴ ላይ እንኳን ዘይት ሰውም ይረጋል።»

«አባዬ፣ ብርዱን ከገረሴ ማስወጣት አልችልም። ቅባቱ ነው ብርዱን መቻል ያለበት።»

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ዱቄቱ በጋለ ዘይት ውስጥ ይሟሟል፤ እንዳለ አይታይም። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ግን ዘመዱን መፈለግ ይጀምራል። አንዲት ያልሟሟች ፍሬ ከቀረች ሌላው ሁሉ መጥቶ እሷ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድም ፍሬ መቅረት የለበትም።

አማሰልኩ። ላቤ እስኪንጠባጠብ አማሰልኩ።

«በቃ፣ ጠርቷል» አልኳት።

«ገና ነው።»

«ምን ገና ነው? ከኩልፎ ውሃ ይጠራል።»

«ከኩልፎማ ምን የማይጠራ አለ!»

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና ሳቀችብኝ። እንደገና ከሰል ጨመርኩ።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር ገዛች። ከአኩሪ አተር የሚወጣ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ፣ ቡናማ። እሱ ጥቂት ሲገባበት ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ይከላከላል አለች። የቀላቀለችውን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ ሰፈር ካለው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ፍሪጁ ገረሴ ነው ማለት ነው። አንድ ተማሪ የማንጎ ጭማቂ መስሎት ክዳኑን ሲከፍት ባለሱቁ ጮኸበት። ጠርሙሱ እንዲያው እንደ ምንም ተረፈ። ከፍሪጁ ሲወጣ ግን ጥርት ያለ ነበር። ገልብጣ አየችው፣ ፀሐይ ላይ ይዛ አየችው። አንድም ፍሬ የለም። በደስታ ጀሪካኑን ሞልተን ወደ ገረሴ ላክን።

ተመልሶ መጣ። አሸዋ።

ልጄ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልቅሳ ቢሆን ይሻል ነበር። «ጠርሙሱ ጠራ፣ ጀሪካኑ አሸዋ ሆነ። አንድ ድስት፣ አንድ ቅባት። አልገባኝም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «አዲስ አበባ ያለው ፋብሪካ ሥራ ሰጥቶኛል። እስከ መስቀል ነው የሚጠብቀኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ። ይሄም ከተመለሰ እሄዳለሁ» አለች።

«ሂጂ፣ ማን ያዘሽ» አልኳት።

ባለቤቴ ሌባ እንደያዘች ሴት አየችኝ። ከልቤ አልነበረም። የቀሩት ልጆቻችን አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ጂንካ፣ ሌሎቹም እግራቸው ወዳደረሳቸው ሄደዋል። ግቢው ውስጥ ድምፅ ያላት እሷ ብቻ ናት። ይህን ለሰው አልናገርም፤ ለእሷም አልነገርኳትም። በምትኩ፣ «አዲሱን ጀሪካን እኔ ራሴ ይዤ ገረሴ እወጣለሁ» አልኩ። «ሴትዮዋ የሆነ ነገር ትጨምርበታለች።»

«ሄደህ ደንበኛዬን ልትሰድብልኝ ነው?»

«የሚሰደብ ካለ ይሰደባል።»

እሱን ፈርታ አብራኝ መጣች።

ጀሪካኑን መኪናው ጣሪያ ላይ አላስወጣም አልኩ። ቡሉኮዬን አልብሼ እግሮቼ መሃል ያዝኩት። ጎኔ የተቀመጠች ሴት ጎንበስ ብላ አየችና፣ «አባባ፣ ሕፃን ነው ወይስ ዘይት?» አለችኝ።

«ዘይት ነው። ከሕፃን ይብሳል።»

ዳገቱን ስንወጣ ጉም ገባ። ገረሴ ስንደርስ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ጀሪካኑ ግን ደህና ነው። ጋጋሪዋ ደልደል ያለች፣ እስከ ክንዷ ዱቄት የሆነች ሴት ናት። ትኩስ ዳቦ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልን። ከእኔ ጋር በጋሞኛ፣ ከልጄ ጋር በአማርኛ ታወራለች። ልሰድባት መጥቼ ዳቦዋን በላሁ፤ ዳቦ ከበሉ በኋላ ደግሞ ስድብ አይወጣም።

ልጄ ጀሪካኑን ከፍታ በብርጭቆ ቀዳችና ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ይዩት እትዬ። አሸዋ አለው?»

«የለውም። ሲመጣማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እዚህ ሲያድር ነው የሚበላሸው።»

ይህን ብላ ጀሪካኑን ብድግ አድርጋ በሩ ጀርባ ወደቆመው ሰማያዊ በርሜል ልትገለብጠው ስትል ልጄ ጮኸች። «ቆይ! በርሜሉ ውስጥ ምን አለ?»

«የድሮው ነዋ።»

«የትኛው ድሮ?»

«ከመጀመሪያውም ትንሽ፣ ከሁለተኛውም ትንሽ። የሚመለሰውን ስመልስልሽ ከታች ትንሽ አስቀራለሁ።»

«አጥበውት አያውቁም?»

ሴትዮዋ ጀሪካኑን ቁጭ አደረገችው። «አንቺ ልጅ፣ ቆሻሻ ነሽ ነው የምትይኝ? የቅባት ዕቃ ባዶ አይደረግም! እናቴ የቅቤ ቅሏን ጨርሳ አጥባ አታውቅም። ከአሮጌው ትንሽ ትተሽ ነው አዲሱን የምትጨምሪበት። ቅሏን ባዶ ያደረገች ሴት ቤት ቅቤ ተመልሶ አይገባም።»

«እውነቷን ነው» አልኩ። የእኔም እናት እንደዚሁ ነበረች። ባለቤቴም እስከ ዛሬ እንደዚሁ ናት።

ልጄ ገበያ አውጥቼ የሸጥኳት ይመስል ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ በርሜሉ ውስጥ ጎንበስ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ። ታች፣ ዙሪያውን፣ እንደ ጣት የወፈረ ነጭ ቅርፊት ይዟል።

«ይኸው» አለች። «ጠርሙሱ የጠራው ባዶ ውስጥ ስለገባ ነው። እዚህ ግን አዲሱ ሲገባ አሮጌው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ሄዶ እሱ ላይ ይሰበሰባል። እትዬ፣ ቅቤ ላይ አሮጌ ማስቀረት ምንም አያደርግም። እዚህ ላይ ግን ይሄ ቅርፊት እያለ የቱንም ያህል ጥሩ አድርጌ ብሠራ አሸዋ ነው የሚሆነው። መታጠብ አለበት።»

«በርሜሌን ባዶ አላደርግም። መስቀል ደጃፍ ላይ ቆሞ? ሰው ዕቃውን በሚሞላበት ጊዜ እኔ ባዶ ላድርግ?»

ልጄ አልተከራከረችም። የጀሪካኑን ክዳን አንስታ መልሳ ማጥበቅ ጀመረች። ዝም ብላ፣ ቀስ ብላ። ስትናደድ ትጮኻለች፤ የጨረሰች ጊዜ ነው ዝም የምትለው። አውቃታለሁ። አዲስ አበባ ሄዳለች ማለት ነው።

በጋሞኛ ለሴትዮዋ እንዲህ አልኳት።

«እህቴ፣ ቅቤ ከየት ይመጣል?»

«ከላም ነዋ። ምን ይጠይቁኛል?»

«ላሟ የማን ናት?»

«የቤት።»

«የሷስ እናት?»

«እሷም የቤት።»

«ይሄኛውስ?»

«ከእናንተ ግቢ።»

«ከእኛ ግቢ አይደለም። ታች የሚረጋው ዱቄት ከፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው የሚያመጣው ይላሉ። ላሟን እኔም አላውቃት፣ አንቺም አታውቂያት። ዘሩን ለማታውቂው ነገር ነው ቤትሽ ውስጥ ቦታ የያዝሽለት?»

ሳትወድ ሳቋ መጣ። «እናንተ የሲቀላ ሰዎች አፍ አላችሁ» አለች። ግን ገና ነበረች። በርሜሉን ዳሰስ አድርጋ፣ «እሱስ ይሁን። ባዶነቱስ?» አለች።

ወጣሁና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨሁ። በእኛ ዘንድ እርጥብ ሣር ያለበት ነገር ባዶ አይባልም። ጠብም ቢሆን በሱ ይቆማል። ይዤ ገብቼ በርሜሉ ውስጥ ላስቀምጥ እጄን ስዘረጋ ልጄ ጮኸች።

«አባዬ! ውሃ! በርሜሉ ደርቆ ነው ቅባት የሚገባበት!»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«ከውጭ!»

«ሣር ከውጭ ምን ይሠራል?»

«ከውጭ!»

ሴትዮዋ ክር አመጣች። ሣሩን በርሜሉ ወገብ ላይ አሰርነው፤ ለመስቀል ያጌጠች ሙሽራ መሰለ። ሴትዮዋ ራቅ ብላ አየችው፣ ቀረብ ብላ አየችው። «ይሁን» አለች።

ቅርፊቱን ፍቃ አውጥታ አልጣለችውም። «የዳቦ ቆርቆሮዎቼን እቀባበታለሁ። ለቆርቆሮ ይሆናል?» ልጄ ይሆናል አለች። በፈላ ውሃና በሳሙና አጠቡት። ምድጃው አጠገብ ደፍተውት ቆየ። ልጄ እጇን ውስጡ ከትታ ዳሰሰች፣ አሸተተች፣ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ነው አዲሱን ቅባት ያስገለበጠችው። በርሜሉንም ወደ በሩ ጀርባ ሳትመልስ ምድጃው ወዳለበት ግድግዳ አስጠጋችው።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ መጀመሪያ እውነቷን ነው አልክ።»

«እውነቷን ነው።»

«ከዚያ ደግሞ አሳጠብካት።»

«እሱም እውነት ነው።»

«ሁለቱም እውነት አይሆንም።»

«አንቺ በተማርሽበት አይሆን ይሆናል።»

ሴትዮዋ ከገበያ ቀን በኋላ እደውላለሁ ብላ ነበር። የገበያው ቀን አለፈ። አልደወለችም። «ደውይላት» አልኩ። «ደንበኛ አይነዘነዝም» አለች ልጄ። ባለቤቴ ማንም ሳያዛት የልጅቷን ልብሶች አውጥታ ታጥብ ጀመር። የሹራቡን ቁልፍ ሁሉ አጠበቀች፤ አዲስ አበባ ብርድ ነው። እኔ ከልብሱ ገመድ ሥር እያለፍኩ ወደ ከሰሉ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። የሚማሰል ነገር ግን የለም።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«የት ጠፋሽ አንቺ ልጅ?» ጋጋሪዋ ናት።

ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እትዬ፣ አሸዋ አለው?»

«የምን አሸዋ? አልቋል እኮ! ኔትወርክ ብሎ ነገር የለም፣ ዳገት ላይ ወጥቼ ነው የምደውልልሽ። ለመስቀል ዳቦ ምን ልጨምርበት? በእጥፍ ላኪልኝ!»

ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ልጄ በእጇ ዝም በይ አለቻት። ስልኩን ዘግታ ወዲያው ሌላ ቁጥር መታች። እኔ ከሰሉን ማራገብ ጀምሬ ነበር። «በጣም አመሰግናለሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት» ስትል ሰማሁ። ማራገቤን አላቆምኩም። እሳቱ ቢጠፋ ምን ይማሰላል?

ለመስቀል የተላከው እንደሄደ አልተመለሰም። ነጩ ዱቄት ግን አለቀ። አርባ ምንጭ ላይ የለም፤ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ልጄ ሄዳ ልታመጣ ሆነ። ማለዳ መናኸሪያ ድረስ እኔና እናቷ ሸኘናት። አንዲት ፌስታል ብቻ ይዛለች፣ ውስጡ ሙዝና አንድ ቅያሪ ልብስ። ዕቃ የሚጭነው ሰው ጣሪያው ላይ ሆኖ ወደ እኛ አየና፣ «ሌላ ዕቃ አላችሁ?» አለ።

«የለንም» አልኩት፤ እሷ አፏን ሳትከፍት።